የትንሿ ሮይስ ወርቅ

ማክሰኞ፣ ጥር 6 ቀን 2017

ይህን ደብተር የገዛሁት ለጀርመንኛ ቃላት ነበር። አርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ያልተጠቀምኩበት ቋንቋ ስለሆነ፣ የጠፋብኝን ቃል እየጻፍኩ ባቡር ውስጥ ላጠና ብዬ። ሦስት ገጽ ሞላሁና ተውኩት። ሐሳቤ ሌላ ጋ ነው።

ኤመሪቪል የነበረኝን የጥበቃ ሥራ ለቅቄ ሳን ሆዜ የሳንቲም ነጋዴ ዘንድ ከገባሁ ዛሬ ሁለተኛ ሳምንቴ ነው። በስድሳ አንድ ዓመቴ። አሠሪዬ ሚስተር ፕሬስኮት ይባላል። የተዋወቅነው ባለፈው መስከረም፣ እኔ በምጠብቀው ሆቴል የሳንቲም ሰብሳቢዎች ገበያ የቆመ ቀን ነው። በጀርመንኛ፣ በእርሳስ የተጻፈ ካርድ ይዞ ሲቸገር አየሁትና «ከአያቴ የወረስኩት ነው የሚለው» አልኩት። ቀና ብሎ መጀመሪያ ዩኒፎርሜን፣ ቀጥሎ ፊቴን አየ። የት ተማርክ አለኝ። ምሥራቅ ጀርመን፣ ግራይትስ የምትባል ትንሽ ከተማ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ሦስት ዓመት ሠልጥኛለሁ አልኩት። ስልክ ቁጥሬን ተቀበለኝ።

የሦስት ወር ሙከራ ነው። ካስደሰትኩት ፉል ታይም ከነኢንሹራንሱ፣ ለእኔም ለሙሉዬም። ባለቤቴ ስኳር አለባት። የጥበቃው ኢንሹራንስ በወሩ መጨረሻ ያልቃል። እሷ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብላ ተኝታ ታድራለች፤ እኔ ነኝ የምቆጥረው።

ሥራውን ግን ወድጄዋለሁ። ጀርመን ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት አንድ አገር ከሆነች በኋላ እንኳ ትናንሾቹ መሳፍንት ወርቅ ላይ የራሳቸውን ፊት የማስመታት መብት ነበራቸው። በአንዱ በኩል መስፍኑ፣ በሌላው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ንስር። ሻውምቡርግ-ሊፐ፣ ቫልዴክ፣ ሮይስ። አንዳንዱ ግዛት ኦክላንድንና በርክሌን ቢደምሯቸው ብዙም አይበልጣቸውም። ወርቁ ከትልቋ ፕሩስያ ወርቅ ጋር እኩል ይመዝናል፤ የትንሹ ግን በጣም ጥቂት ስለተመታ ዛሬ ሰው የሚሻማው እሱን ነው።


ዓርብ፣ ጥር 9

ባቡሩ ፍሩትቬል ጣቢያ ላይ ሃያ ሁለት ደቂቃ ቆመ። ዘገየሁ። ሚስተር ፕሬስኮት ሰዓቱን አይቶ ሥራውን ቀጠለ። 

በስልክ ሲያወራ ሰማሁት፤ «የኔ ጀርመናዊ» እያለ የሚስቀው ስለ እኔ ነው። ይሳቅ።


እሑድ፣ ጥር 11፣ ጥምቀት

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ስወጣ እትዬ የወርቅውሃ ጠሩኝ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ በርክሌ ነው የሚኖሩት። ባለቤታቸው ጌርሃርት ባለፈው ሐምሌ በድንገት ነው የሞተው። ጀርመናዊ ነበር፤ የዩኒቨርሲቲው የላቦራቶሪ ዕቃ ጠጋኝ። ቀብሩ ላይ ቆሜያለሁ እንጂ በሕይወቱ አላወራሁትም።

«ሰርፀ፣ ሳንቲም ቤት ገባህ አሉኝ» አሉ። «ሰውዬው አንድ ቆርቆሮ ሙሉ ወርቅ ትቶብኝ ሄዷል። እያንዳንዷ ወረቀት አላት። አንዲቷንም ማንበብ አልችልም። የቤቱ ጣሪያ ያፈሳል፣ እንዳልሸጠው ደግሞ ፈረንጅ ያታልለኛል ብዬ ፈራሁ።»

ወደ ሱቃችን ያምጡት አልኳቸው። እኔ እያለሁ ማንም አያታልልዎትም አልኳቸው። ይህን ያልኩት ሙሉዬ አጠገቤ ቆማ ነው፤ ደስ ብሏት ክንዴን ያዘች። ለሱቁ አንድ ትልቅ ሥራ ይዤ መግባቴንም እያሰብኩ ነበር፤ አልዋሽም።


ሐሙስ፣ ጥር 15

እትዬ የወርቅውሃ ቆርቆሮዋን አመጡ። የሚያመላልሳቸው ሰው ስላልነበረ በባቡር፣ በፌስታል ይዘውት። አርባ አንድ ሳንቲም። ሚስተር ፕሬስኮት መክደኛውን እንደከፈተ ማጉያ መነጽሩን ፈለገ። ደረሰኝ ሰጣቸውና በሳምንቱ እንዲመለሱ ነገራቸው።

የጌርሃርት አጻጻፍ ደቃቅ ነው። በካርዱ ፊት የግዛቱ ስም፣ ዓመቱ፣ ክብደቱ፣ የተገዛበት ቦታና ዋጋው አለ። ጀርባው ላይም አንዳንዱ ላይ የተጫረ ነገር አለ። ፊት ፊቱን ብቻ እየገለበጥኩ ውያለሁ። አንሃልት፣ ኮቡርግና ጎታ፣ ሽቫርትስቡርግ። እንዲህ ያለ ቀን ከጀርመን ተመልሼ ከሠራሁበት ከኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ወዲህ አላሳለፍኩም፤ የማውቀውን ሠርቼ ዋልኩ።


ማክሰኞ፣ ጥር 20

ዛሬ ሠላሳ ስድስተኛውን ሳነሳ እጄ ላይ ግራይትስን አገኘኋት። የሮይስ መሳፍንት ታላቁ ቅርንጫፍ፣ ሃያ ማርክ፣ በፈረንጅ 1875። መስፍኑ ሃይንሪሽ ሃያ ሁለተኛው። የዚያ ቤተሰብ ወንዶች ሁሉ ስማቸው ሃይንሪሽ ነው፤ በቁጥር ብቻ ነው የሚለዩት። የግራይትሱ ፋብሪካ ፎርማን ይህን ነግሮኝ፣ ታዲያ እናታቸው ስትጠራ ሁሉም ነው የሚመጡት ብዬ ጠይቄው እንባው እስኪፈስ ስቋል። ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ነበር፤ ከማደሪያችን መስኮት ይታያል። የዚያን ሰው ፊት በወርቅ አየዋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሚስተር ፕሬስኮት በማጉያው ብዙ ጊዜ አየው። መዘነው፣ ጠርዙን አዞረው፣ የመብራቱን አቅጣጫ ቀያየረ። ከዚያ የካርዱን ጀርባ አንብብልኝ አለኝ። ሙኒክ ውስጥ በባለሙያ ተመርምሮ እውነተኛ መሆኑ ተረጋግጧል ይላል አልኩት።

በሩን ዘጋው። በስድሳዎቹና በሰባዎቹ ቤይሩት ውስጥ የእነዚህ ብርቅ ሳንቲሞች ፎርጅድ በገፍ ይሠራ እንደነበር፣ ወርቁ እውነተኛ ሆኖ ማኅተሙ ሐሰት እንደሚሆን ነገረኝ። ይህ ከእነሱ ይሆናል፣ ላይሆንም ይችላል አለ። ሰው በእርሳስ የጻፈው ማስረጃ አይሆንም አለ። ሴትዮዋን በማይጨበጥ ተስፋ ከማድከም በወርቅነቱ ሚዛን እከፍላቸዋለሁ፣ ወደ ስድስት መቶ ዶላር ይመጣል፤ አንተ የካርዱን ፊት ብቻ አንብብላቸው አለኝ። ካርዱንም ጣለው አለ።

ትክክል ሊሆን ይችላል። እኔ የሽመና ሰው ነኝ፤ ስለ ፎርጅድ ምን አውቃለሁ? ሠላሳ ዓመት የሠራው እሱ ነው።

ካርዱ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ነው። ቅርጫቱ ሩቅ ስለነበረ።


ሐሙስ፣ ጥር 22

ባቡር ላይ። በችኮላ።

መጡ። ለእትዬ የወርቅውሃ አነበብኩላቸው፤ አርባውን ደህና። ለአርባዎቹ ጥሩ ዋጋ ነው የሰጣቸው፣ አጣርቻለሁ። የዚያችን የአንዷን ካርድ አሳጠርኩት። ፈረሙ። ቼኩን ቦርሳቸው ውስጥ አስገብተው ዚፑን ሁለቴ ነካኩ። የቀሩትን ካርዶች ማስታወሻ ይሁነኝ ብለው በቆርቆሮው ይዘው ሄዱ።

አለቀ።


ቅዳሜ፣ ጥር 24

እትዬ የወርቅውሃ ኮል አደረጉልኝ። ጣሪያ ሠሪው ሰኞ ይጀምራል። አንድ አምስት ደቂቃ ሙሉ መረቁኝ፤ ልጅ ባይኖረንም እግዚአብሔር ሌላ ደስታ እንዲሰጠን፣ የሙሉዬን ጤና እንዲመልስ፣ ዕድሜዬን እንዲያረዝም። ስልኩን ከጆሮዬ ራቅ አድርጌ ያዝኩት። ሙሉዬ ምነው አሜን አትልም አለችኝ። አሜን አልኩ።


ሰኞ፣ የካቲት 3

ሚስተር ፕሬስኮት ሦስት ወር አልጠበቀም። ዛሬ ፉል ታይም አደረገኝ። ኢንሹራንሱ ከዛሬ ጀምሮ። ሙሉዬ ወረቀቱን ተቀብላ ስሟን በጣቷ ፈልጋ አገኘችውና ሳመችው።

ከሰዓት በኋላ ሚስተር ፕሬስኮት ለአንድ የኒው ዮርክ ሰው በስልክ ሲናገር ሰማሁ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። «ግራይትስ። አዎ፣ ያለ ጥርጥር። ጠርዙን ብታየው» ይላል። ያለ ጥርጥር። ዋጋውንም ሰማሁ። ከነታክሱ አዲስ መኪና የሚገዛ ገንዘብ ነው።

ስለ ሌላ ሳንቲም ሊሆን ይችላል። ግን ሌላ ግራይትስ የለንም።


ዓርብ፣ የካቲት 7

ዝናብ። በቤሪኤሳ ጣቢያ አውቶቡሱ አመለጠኝ። እንቅልፍ የለኝም። ዛሬ አንድ የፕሩስያ ሃያ ማርክ ሁለት ጊዜ መዝግቤ ተገኘሁ። «ደክሞሃል» አለኝ ሚስተር ፕሬስኮት በደግነት። ደግነቱን አልፈልገውም።


እሑድ፣ የካቲት 9

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ አብረን የምናስቀድሰው አቶ ጌታቸው መንገድ ላይ አስቁመውኝ የሟች ባለቤታቸውን የአንገት ወርቅ በመሐረብ ጠቅልለው እጄ ላይ አኖሩ። ዋጋውን አሳይልኝ አሉኝ። ደረሰኝ ልስጥዎት ብላቸው ተቆጡ። «የወርቅውሃ ስለ አንተ ነግራናለች፤ በአንተና በእኛ መካከል ምን ወረቀት ያስፈልጋል?» አሉ። እትዬ የወርቅውሃ ትንሽ ራቅ ብለው ቆመው በኩራት ያዩኝ ነበር፤ ልክ እሳቸው ያሠለጠኑኝ ይመስል።

እቤት ገባሁ። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ጥር 22 ላይ የጻፍኩትን መልሼ አነበብኩት። «አሳጠርኩት» ብያለሁ። እንዲህ ነበር የሆነው። የካርዱን ፊት በቃሌ ነገርኳቸው፤ ግራይትስ፣ 1875። እትዬ የወርቅውሃ ባዶ እጄን አይተው «ካርዱ የታለ?» አሉ። ፋይል ውስጥ ገብቷል አልኩ። «ጀርባውስ ላይ ምን ይላል? የሆነ ነገር የተጻፈበት መስሎኝ ነበር» አሉ።

«ክብደቱ ነው» አልኳቸው።

ይኸው። ጠየቁኝ፣ እኔም መለስኩ።


ዓርብ፣ የካቲት 14

ሙሉዬ ልብስ ልታጥብ ጃኬቴን ይዛ ወረደች። ስትመለስ ካርዱ እጇ ላይ ነበር። የድሮ ወረቀት ነው፣ ጣይው አልኳት። አልጣለችውም። መስኮቱ ጋ ሄዳ አየችው። ጀርመንኛ አታውቅም፤ የፈረንጁን ፊደል ግን ታነባለች።

«ይሄ ስም አይደለም እንዴ?» አለች። ጣቷን ከታች አሳርፋ ፊደል በፊደል አነበበችው። «የ፣ ወ፣ ር፣ ቅ። የወርቅ ይላል እኮ።»

እንግዲህ እዚህ ደብተር ላይም አሳጥሬዋለሁ። ሙሉው ይህ ነው፦ «ሙኒክ ላይ ተመርምሯል፣ እውነተኛ ነው። የተወለድኩባት ከተማ። ሌላው ይሸጥ፤ ይህ ለየወርቅ ነው፣ እሷ ትያዘው። ከዚያ ስወጣ የተውኩትን ሁሉ መልሼ ያገኘሁት እሷ ዘንድ ነው።»

ለሚስተር ፕሬስኮት እንኳ ይህን አላነበብኩለትም። የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ነው ያነበብኩለት። ቢሰማው ኖሮ ምናልባት አይጨክንም ነበር። ለምን እንዳላነበብኩለት እስካሁን ለራሴ አልመለስኩም።

ለሙሉዬ ሁሉንም ነገርኳት። ቁጭ ብላ ሰማችኝ። ሳላስበው ኢንሹራንሱ እያልኩ ስጀምር እጇን አነሳች።

«ለእኔ ብዬ ነው እንዳትል» አለች። «እሱን በእኔ ላይ አታድርገው።»

ከዚያ የቀረውን ልብስ ይዛ ወረደች። ካርዱን ጠረጴዛው ላይ፣ ጀርባውን ወደ ላይ አድርጋ ትታው።


ሰኞ፣ የካቲት 17፣ የጾም መግቢያ

ለሚስተር ፕሬስኮት ነገርኩት። በመንገድ ሁሉ ተለማምጄው ነበር፤ ሱቁ ስደርስ ግን እንግሊዝኛዬ ተበታተነ። ሳንቲሙን ይመልስላቸው ወይም ተገቢውን ይክፈላቸው አልኩት።

አልተቆጣም። ወንበር ሳበልኝ። ሴትዮዋ አዋቂ ናቸው፣ ሳይን አድርገዋል አለ። ሳንቲሙም ለምርመራ ተልኳል፣ እዚህ የለም አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የተናገረው ነው በልቤ የቀረው፦ «እኔ ስለዚያ ካርድ ከሳቸው ጋር አንድ ቃል አልተነጋገርኩም፣ ሰርፀ። የነገርካቸው አንተ ነህ።»

እውነቱን ነው። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ የሱቁን ሳንቲም ካርድ እየጻፍኩ ዋልኩ። ሥራዬን አልለቀቅኩም። ሌላ ሰው ቢሆን ያን ጊዜ ተነስቶ ይወጣ ነበር።


ረቡዕ፣ የካቲት 19

ዛሬ የሙሉዬ መድኃኒት በአዲሱ ኢንሹራንስ ወጣ። አራት ዶላር። የፋርማሲዋ ልጅ ፈገግ ብላ ሰጠችኝ። ሙሉዬ ከረጢቱን ተቀብላኝ ፍሪጅ ውስጥ አስገባችው። ካርዱ አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነው። በዙሪያው ነው የምንበላው።


ቅዳሜ፣ የካቲት 22

ዛሬ በርክሌ፣ እትዬ የወርቅውሃ ቤት ሄድኩ።

በሩን የከፈተችልኝ ወንጌላዊት ናት፤ የእህታቸው ልጅ፣ ሆስፒታል ነርስ ናት፣ እዚሁ ነው ያደገችው። ከላይ የጣሪያ ሠሪዎች መዶሻ ይሰማል። እትዬ የወርቅውሃ ከሶፋው ሊነሱ ሲሉ እባክዎ ይቀመጡ አልኳቸው።

«ምነው ፊትህ?» አሉ። «ሙሉዬን አመማት?»

ደህና ናት አልኩ። ካርዱን አወጣሁ። የዛን ዕለት ጀርባው ላይ ምን ይላል ብለው ጠይቀውኝ ነበር አልኳቸው።

«ክብደቱ ነው አልከኝ።»

«ክብደቱ አይደለም።»

ቆሜ ነው የነገርኳቸው፣ አንዱንም ሳላስቀር። ፋይል ውስጥ ነው ያልኩትን፣ የስልኩን ወሬ፣ የሥራውን ውል። ወንጌላዊት ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ትሰማለች፤ መሃል ላይ «ኦ ማይ ጋድ» አለች በቀስታ፤ አክስቷ ዝም አሰኟት።

«አንብበው» አሉኝ።

በአማርኛ አነበብኩ። ድገመው አሉ። ደገምኩ። አሁን በራሱ በጀርመንኛው አሉ። አነበብኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሰሙት። ከዚያ ካርዱን ተቀበሉኝና ስማቸው የትኛው እንደሆነ ጠየቁኝ፤ በጣቴ አሳየኋቸው። መዶሻው ቆመ፤ ሠራተኞቹ ምሳ ወጥተው መሆን አለበት።

«ይህን መጀመሪያ ያነበቡት መቼ ነው?» አሉ።

ሁልጊዜ አንተ ነበር የሚሉኝ። ለማን እንደተናገሩ ለማየት ዘወር ልል ምንም አልቀረኝም።

«ጥር ሃያ።»

«ሐምሌ ላይ ቁርስ እየበላን ነው የወደቀው» አሉ። «አንዲት ቃል ሳይናገር ነው የሄደው። ሰባት ወር ሙሉ፣ ምነው አንድ ነገር እንኳ ቢለኝ እያልኩ ነው የኖርኩት። እርስዎ አንድ ወር ሙሉ በኪስዎ ይዘውት ዞሩ።»

 ይቅርታ እንኳ ሳልጠይቅ ወደ በሩ ሄድኩ። ወንጌላዊት ናት በሩን የከፈተችልኝ። ደረጃው ላይ ተከትላኝ ወጥታ፣ በእንግሊዝኛ፣ በስብርባሪ አማርኛ እየቀላቀለች፣ የሆነውን ሁሉ በጽሑፍ አድርጌ መፈረም እችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። እፈርማለሁ አልኳት። ያ ወረቀት በአንተ ላይም ነው፣ ታውቃለህ አይደል አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት።


ሰኞ፣ የካቲት 24

ጻፍኩት። አንድ ገጽ ከሩብ፣ በእንግሊዝኛ። ሙሉዬ አዳመጠችኝና አንድ ቃል አስተካከለች። «በስህተት ተረጎምኩ» ብዬ ነበር። «በስህተት» የሚለውን አስወጣችው።


ማክሰኞ፣ የካቲት 25

በመጀመሪያው ፉርጎ እንገናኝ ተባብለን ነበር። እኔ ፍሩትቬል ስገባ እትዬ የወርቅውሃና ወንጌላዊት ከበርክሌ ተሳፍረው ተቀምጠዋል። እትዬ የወርቅውሃ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። ከመተላለፊያው ማዶ ተቀመጥኩ። እስከ ሳን ሆዜ አንድ ሰዓት ያህል ነው።

ሱቁ ውስጥ የጮኸ ሰው የለም። እትዬ የወርቅውሃ ለዚያች ሳንቲም የተቀበሉትን ስድስት መቶ ምናምን ዶላር በራሳቸው ቼክ ጽፈው ይዘው ነበር፤ የባንኮኒው መስተዋት ላይ አኖሩት። በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብለው፣ የባሌን ሳንቲም እፈልጋለሁ አሉ። ሚስተር ፕሬስኮት ለምርመራ የሄደ ሳንቲም ለመመለስ ወራት እንደሚፈጅ ማስረዳት ጀመረ። ያን ጊዜ ወረቀቴን ከቼኩ አጠገብ አስቀመጥኩ። በእሱ ትእዛዝና በራሴ ፈቃድ ለደንበኛ መዋሸቴን የሚገልጽ ነው፣ ለጠየቀኝ ሁሉ በፍርድ ቤትም ሆነ በሰብሳቢዎች ማኅበር ፊት እናገራለሁ አልኩት።  እንግሊዝኛዬ ዛሬ ቀጥ አለልኝ።

ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበበው። ወንጌላዊት ሌላ ኮፒ አለን አለች። እኔን አየኝ፤ በመስከረም ሆቴሉ ውስጥ እንዳየኝ አይደለም። ከዚያ ወደ ኋላ ገባ። ለምርመራ ተልኳል ያለው ሳንቲም ካዝናው ውስጥ ነበር። ሁለት ደቂቃም አልፈጀበትም።

እትዬ የወርቅውሃ ሳንቲሙን ገልበጥ አድርገው አይተው በመሐረብ ጠቀለሉት። እኔ የሱቁን ቁልፍ መስተዋቱ ላይ አኖርኩ። ማንም እስኪለኝ አልጠበቅኩም፤ በዚህ ሁሉ ማንም ሳይገፋኝ ያደረግኩት አንድ ነገር እሱ ነው።

ውጪ ዝናብ ይጥል ነበር። አመሰግናለሁ አላሉኝም። እኔም አልጠበቅኩም። ጠብቄ ነበር እንዴ? ትንሽ።


ማክሰኞ፣ መጋቢት 2

የጥበቃው የድሮ አለቃዬ የሰጠኝ የቅዳሜና የእሑድ ሌሊት ሺፍት ብቻ ነው። ስለዚህ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አልሄድም። ይህን ስሰማ እፎይ አልኩ፤ ወዲያው አፈርኩ።

አቶ ጌታቸው ቤት ድረስ መጥተው የአንገት ወርቃቸውን ወሰዱ። መሐረቡን ፈተው አዩት፣ መልሰው ቋጠሩት። አልተቀመጡም።

ሙሉዬ የማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ ሄዳ የሕክምና እርዳታ ፎርም ሞላች። ተራ ስትጠብቅ ሦስት ሰዓት ተቀምጣለች። መድኃኒቱ ለሃያ ቀን ይበቃል። «ይደርሳል» አለች። ማታ አጠገቤ ተቀምጣ ወጥ አቀረበችልኝ፤ ያ ካርድ ከጠረጴዛው ላይ ከተነሳ ወዲህ እንደ ልብ ስንበላ የመጀመሪያችን ነው።


ሐሙስ፣ መጋቢት 11

ወንጌላዊት ቴክስት ላከች። አክስቷ ቅዳሜ ጠዋት ከሥራ በፊት እንድመጣ ይፈልጋሉ። ለምን እንደሆነ አልጻፈችም። ፖሊስ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ለሙሉዬ አልነገርኳትም፤ ቀጥሎ ነገርኳት።


ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

ፖሊስ አልነበረም። ጠረጴዛው ላይ ቆርቆሮዋ ተከፍታ፣ አርባዎቹ ካርዶች ጀርባቸው ወደ ላይ ሆኖ ተደርድረው ነበር። ሳንቲሞቹ ተሽጠዋል፤ ካርዶቹ ግን እሳቸው ዘንድ ቀርተዋል። ያን ጊዜ ፊት ፊታቸውን ብቻ ነበር ያነበብኩላቸው።

«ጌርሃርት ሌላም ያለኝ ነገር ካለ ልስማው» አሉ። «ይቀመጡ።»

ወንጌላዊት ከጎኔ ተቀመጠች። ስልኳ የሚተረጉም አፕ አለው። እኔ ሳነብ እሷ የካርዱን ፎቶ ታነሳለች፣ ስልኩ በእንግሊዝኛ ያወጣዋል፣ ከዚያ እሷ «ዬስ» ወይም «ኦኬ፣ ሴም» ትላለች። አክስቷ እስኪረጋገጥ ይጠብቃሉ፣ ቀጥሎ ያለውን ይሰጡኛል። በመጀመሪያዎቹ ካርዶች እንዲህ መፈተኔ አሳፈረኝ። አሥረኛው ላይ ማፈሩን ተውኩት። ይገባኛል።

አብዛኛው ትንሽ ነገር ነው። ጠርዙ ተጎድቷል፤ ሻጩ ሌባ ነው፤ በመልስ መንገድ መኪናው ተበላሸ። በአንዱ ላይ «የ. ሾርባ ሠርታ ጠበቀችኝ» ይላል፤ እሳቸው ያን ካርድ ለብቻው አስቀመጡት።

የቫልዴኩ ላይ ስንደርስ ስልኩ እምቢ አለ። እርሳሱ ደብዝዟል፣ ጽሑፉም ውሃ ነክቶታል። ወንጌላዊት መብራት አበራች፣ ሦስት ጊዜ አነሳችው። «ሪድ ማድረግ አልቻለም» አለች። ካርዱን ለእኔ ሰጠችኝ፣ ከዚያ አክስቷን አየች።

ለእኔ ይነበባል። የዚያ ዘመን የፋብሪካ መዝገብ ሁሉ እንዲህ ያለ የእጅ ጽሑፍ ነበረው። ሁለት አጭር መስመር ነው። አነበብኩትና ለአንድ አፍታ ፈራሁ። የሚያስደስት አልነበረም፤ ላለሰልሰው ብል ማንም አያውቅብኝም።

እትዬ የወርቅውሃ ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«ምን ይላል?» አሉ።

«በጣም ውድ ነው፣ መግዛት አልነበረብኝም ይላል። የ. አንድ ሳምንት አኮረፈችኝ። ልክ ናት።»

ካርዱን ከእጄ ወስደው የማያነቡትን ጽሑፍ አስጠግተው አዩት። ትከሻቸው ሲንቀሳቀስ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር።

«አንድ ሳምንት?» አሉ እየሳቁ። «ሦስት ሳምንት ነው ያኮረፍኩት።»

ቀጣዩንም ሰጡኝ።